ቀማሽና ይሉኝታ

በአገራችን አንድ ሰው ከወዳጁ ቤት ገብቶ የቀረበለትን ከጠጣ በኋላ «እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቢኮመጥጥም «ግሩም ነው»፤ ቢቀጥንም «ግሩም ነው»። ይህ በእንግድነት ደንብ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ጠማቂው ራሱ «ጉድለቴን ንገሩኝ» ብሎ ሲለምን ይኸው መልስ የተሰጠው እንደ ሆነ፣ ጨዋነቱ ወደ በደል ይለወጣል እንላለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቅርቡ በጨፋ ሸለቆ ያጋጠመን ነገር ነው። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና ካራ ቆሬን ካለፈ በኋላ፣ ቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰውን ያን ሰፊ ሜዳ ያስታውሳል። በበጋ ወራት ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው ከብቱን እየነዳ ለግጦሽ የሚገናኝበት ነው። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ከሚሴ ላይ ባደርን ጊዜ፣ በሻንጣችን ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ነበረን። የጠመቀው በአዲስ አበባ በቤቱ የሚሞክር አንድ ወዳጃችን ሲሆን፣ ሲሰጠን «ምስጋና አልፈልግም፤ ፍርድ እፈልጋለሁ» ብሎ አስጠንቅቆናል።

ማታ በበረንዳ ተቀምጠን አንዱን ከፈትን። አብረውን ከነበሩት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ «ወደር የለውም» አለ። ሁለተኛው «ከፋብሪካው ይበልጣል» ሲል እኛም አፋችንን ሞልተን ተስማማን። በዚህ መካከል ቡና ይዘውልን የመጡት የቤቱ እመቤት፣ ሙስሊም በመሆናቸው እንዲህ ያለውን መጠጥ በአፋቸው የማያደርሱ እናት፣ ሲኒውን ሊያስቀምጡ ጎንበስ እንዳሉ ቆም አሉና «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ይገባበታል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሣቅን። ኋላ ግን ብርጭቋችንን ወደ አፍንጫችን ብናስጠጋ፣ እውነትም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሦስት ጠጪዎች ያላወቅነውን አንዲት የማይጠጡ እናት አወቁት።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ምክንያት አለው። ወዳጃችን የጠመቀው ላገር የሚባለውን ነጣ ያለውን የቢራ ዓይነት ነው። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ማከማቸት፣ ማቆየት ማለት ነው። እርሾው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቀስ እያለ ይሠራል፤ ከዚያም መጠጡ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ለሳምንታት ይቀመጣል። እርሾው በሥራው ጊዜ ቅቤ ቅቤ የሚል ነገር ያወጣል፤ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ መልሶ ራሱ ይበላዋል። ስለዚህም የቅቤ ሽታ ብዙውን ጊዜ የችኮላ ምልክት ነው። በጠቆረ ቢራ ውስጥ የተቆላው ብቅል አንዳንዱን ጉድለት ይሸፍናል። በነጣው ላይ ግን ጉድለት በነጭ ነጠላ ላይ እንደ ወደቀ ወጥ ነው።

እንግዲህ ሊፈርድ የሚወድ ሰው ከመጠጣቱ በፊት ይመልከት፣ ያሽትትም። ብርጭቆው ቅባት የሌለበት ይሁን፤ ቅባት አረፋውን ይገድለዋልና። (ክትፎ በልቶ ከንፈሩን ሳይጠርግ «አረፋ የለውም» ብሎ የሚከስስ ዳኛ አይተናል።) መልኩ ከገለባ እስከ ወርቅ ነው። ደፍረስ ማለቱ ብቻውን አያስነቅፍም፤ ያልተጣራ ቢራ እንደ ጉሽ ጠላ በባሕርዩ ይደፈርሳል። አፍ እስኪያደነዝዝ የቀዘቀዘውም ለፍርድ አይመችም፤ ብርድ ጥሩውንም መጥፎውንም ይደብቃልና ጥቂት ይረፍ። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ከሆነ የብቅሉ ውሃ በሚገባ ተንተክትኮ አልፈላም ይሆናል። የራሰ ካርቶን የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶታል፣ ወይም በሙቀት አርጅቷል። ፀሐይ የነካው እንደ ሆነም ለአፍንጫ የሚከብድ ክፉ ሽታ ያመጣል፤ ብዙው ቢራ በቡናማ ጠርሙስ የሚታሸገው ስለዚህ ነው። በመጨረሻ መጥቶ በምላስ ላይ የሚቀረው የሆፕስ ምሬት፣ ማለት የፈረንጁ ጌሾ፣ ጠርጎ የሚሄድ ነው ወይስ የሚከረክር? ይህ ሁሉ «ይጥማል» ከሚለው ቃል ውጭ ነው።

አንዳንድ የተማረ ወጣት ይህን የፈረንጅ ጥበብ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን በእናቶቻችን ጓዳ ያደገ ቋንቋ መሆኑን እናስታውሳለን። ጋኑ በወይራ በደንብ መታጠኑን፣ ድፍድፉ መብሰሉን፣ እንኩሮው መቃጠሉን፣ ጌሾው መብዛቱን በአንድ ጉንጭ የሚለዩ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። ጉሽ፣ ቅራሪ፣ የጠራ እያሉ የሚለዩት በስሙ ነው። እንግዲህ የጎደለን ቃሉ አይደለም፤ ቃሉን በሰው ፊት ለማውጣት የሚያስፈልገው ድፍረት ነው።

ጉዳዩ በትንንሽ ጠማቂዎች ላይ ይበረታል። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮምቦልቻ ላይ የተተከለው ፋብሪካ፣ እንዲህ ያለው ድርጅት ሁሉ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ቀማሽ ሊያቆም ይችላል። በአዲስ አበባ ቦሌ እዚያው በቤቱ እየጠመቀ ነጣ ያለውን «ብሎንዲ»ን፣ ጠቆር ያለውን «ኤቦኒ»ን በማቅረብ ስም ያተረፈውን ቢር ጋርደንን የመሰለ ቤት፣ ይልቁንም በጓሮው የሚሞክረው ግለሰብ፣ ከቤተ ሙከራ ይልቅ የደንበኛው አንደበት ያስፈልገዋል። እንግዳው ከዋሸው ማን ይነግረዋል?

ይህ ነጣ ያለ ቢራ የተወለደውም በይሉኝታ አይደለም። በቦሄሚያ በፒልዘን ከተማ በ1838 እ.ኤ.አ. የተበላሸ ቢራ 36 በርሜል በከተማው ምክር ቤት ፊት እንደ ተደፋ ይተረካል። ከዚያ ወዲያ የመጥመቅ መብት የነበራቸው ዜጎች አዲስ ጠመቃ ቤት አሠርተው፣ ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባቫሪያ ሰው አስመጡ፤ እርሱም በ1842 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር ለስላሳ ውሃና ነጣ ባለ ብቅል ዓለም ሁሉ የሚቀዳውን ቢራ ጠመቀ። እኛ ብንሆን ኖሮ በርሜሉን «ግሩም ነው» እያልን እንጨርሰው ነበር ብለን እንሠጋለን።

ተማሪ አንባቢዎቻችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ መከልከሉን አይርሱ። አፍንጫን ለማሠልጠን ቡናም ማርም ይበቃል፤ በወሎ ደግሞ ቀሪቦ አለ።

በማግስቱ ከሚሴ ላይ የቀመስነውም እርሱን ነው። እመቤቲቱ ገብሱን አጥቁረው ቆልተው፣ አፍልተው፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ጨምረው ሲያሳድሩት አይተን ነበር። ጠዋት ሲቀዱልን ልማዳችን አልለቀቀንምና ገና ሳንውጥ «ግሩም ነው» አልን። እርሳቸው ግን በራሳቸው ጽዋ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «የለም፣ ገብሱ ከስሏል፤ እሳቱን ትቼ ከጎረቤት ሳወራ ነው። አብሽሩ፣ የነገው ይሻላል» አሉን። እንደገና ብንቀምሰው ከጣፋጩ በስተኋላ የከሰል ምሬት ነበረው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ለወዳጃችን የሆነውን ሁሉ፣ የቅቤውንም ጥያቄ ሳናስቀር ነገርነው። ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም እንግዳ መጣብኝ ብሎ በዘጠነኛው ቀን ከብርድ አውጥቶት እንደ ነበረ ተናዘዘ። አሁን ሌላ ጠምቋል። አምስት ሳምንት ሳይሞላው እንደማይከፍተው፣ በተከፈተም ጊዜ የመጀመሪያው ጠርሙስ ወደ ከሚሴ ለሽታ ብቻ እንደሚላክ ነግሮናል።