እናታችን ወደቁ፤ እኛስ ሰበቡን አድርሰናል?

ቢስሚላህ። 

በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ለፈጅር ዉዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። የወደቁት ከቁመታቸው ብቻ ነው፤ የዳሌ አጥንታቸው ግን ተሰበረ። ከሁለት ዓመት በፊት የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ወጌሻ አስሮላቸው ነበር። ያኔ ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ» አልን። ለምን በቀላሉ ተሰበሩ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛም ከመስጂድ ሄደን ዱዓ አድርገን ተመለስን።

ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የአጥንት መሳሳት፣ ማለትም ኦስቲዮፖሮሲስ፣ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ይህ በሽታ አጥንት እስኪሰበር ድረስ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። በሴቶች ላይ ከማረጥ በኋላ ይፈጥናል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል ክኒን ታዘዘላቸው። ከዚያ ልጆቻቸው ተጣሉ። አንዱ «መንጋጋ ያበሰብሳል፣ ስልክ ላይ አይቻለሁ፤ ወተትና ጥቁር አዝሙድ ይበቃቸዋል» አለ። ሌላው «ክኒኑን ይዋጡ እንጂ ሌላው ትርፍ ነው» አለ። እናታችን መሀል ላይ ቀሩ።

እኛ ሁለቱም ግማሹን ይዘዋል እንላለን።

እስቲ በሚዛን እንየው። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት የነበረባቸውን እናቶች ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። ክኒኑን ካልወሰዱት ከመቶ 15ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ገጠማቸው፤ ከወሰዱት ከመቶ 8ቱ። የዳሌ ስብራትም ከመቶ 2 ገደማ ወደ 1 ገደማ ወረደ። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ አጥንታቸው አንዴ በቀላሉ ለተሰበረ እናት «ምግብ ይበቃል» ማለት በእሳቸው ላይ መፍረድ ነው። በተቃራኒው ከወሰዱትም 8ቱ ተሰብረዋልና ክኒን ብቻውን ዋስትና አይደለም። አጥንቷ በጥቂቱ ለሳሳና ተሰብራ ለማታውቅ ደግሞ የመድሃኒቱ ጥቅም ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ «ለጊዜው በአኗኗር እንጀምር» ቢላት ልክ ነው።

የመንጋጋው ጉዳይ ውሸት አይደለም፤ ግን በአጥንት መሳሳት መጠን ለሚወስዱት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ሰበቡን ማድረስ ማለት መድሃኒቱን መጣል ሳይሆን የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመራቸው በፊት ማሳየት ነው። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ስብራትም ያመጣል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ ብለው እንደገና የሚመዝኑት። ኩላሊት የሚያማቸው ካሉም አስቀድመው ይናገሩ።

እናታችን በሦስተኛው ሳምንት «ደረቴን አቃጠለኝ» ብለው ተዉት። ስንጠይቅ ለካ ከፈጅር በኋላ በሻይ ውጠው ተመልሰው ይተኙ ነበር! ይህ ክኒን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይተኙም፣ አይበሉም። በረመዷን ሰዓቱን ለማስተካከል ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ እንጂ በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም። በየስድስት ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ ደግሞ ያለ ምትክ ከተቋረጠ የአከርካሪ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። ዐረብ ሀገር ያለች እህታችን የምትልከው ከሆነ፣ ሳይቋረጥ መላክ ትችል እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ።

ቀሪው ሥራ የኛ የልጆች ነው። የዉዱእ ቦታው የሚያንሸራትት ከሆነ አስተካክሉ፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አስገጥሙ፤ ሌሊት መብራት ይኑር። ወተት፣ እርጎ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ካልሲየም አላቸው። ፀሐይ በመስኮት መስታወት በኩል ቫይታሚን ዲ አትሰጥም፤ ባዕድ በማያይበት ግቢ ውስጥ ክንዳቸውን ገልጠው ይሙቁ። ይራመዱ፤ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያሳያቸውን ጡንቻና ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይሥሩ። ለሕመም እያላችሁ ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን አትግዙላቸው፤ ለወራት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል።

አከርካሪያቸው የተሰበረ እናት ጎንበስ ማለት ከተከለከሉ ወንበር ላይ ሆነው ይስገዱ። ሸሪዐችን ላልቻለ ሰው አግርቷል። «ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» እያላችሁ አታሸማቅቋቸው። ነብዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) እንኳ ጌታቸውን ሲማጸኑ የአጥንታቸውን መድከም እንዳነሱ ሱረቱ መርየም ይነግረናል። ድካምን መናገር ነውር አይደለም።

ወጣቶች ሆይ! አጥንት የሚጠነክረው እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያጠራቀምነውን ነው የምንበላው። ሲጋራ እያጨሱ፣ ምግብ በጫት እየዘለሉ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ከዚያው ላይ መስረቅ ነው።

ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ውሳኔው የእናታችን ነው፤ የኛ ድርሻ እውነቱን ማስረዳት፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መሄድና የመረጡትን ማገዝ ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ቤታችሁ ግቡና እናታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ «እማ፣ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

አላህ ለታመሙት ሺፋእ ይስጥልን፣ ለእናቶቻችን ዕድሜ ከዓፊያ ጋር ይወፍቅልን። አሚን።