ቱሩ ነቀምት አይደርስም

ጃኖ ባንድ ከቢል ላስዌል ጋር የሰራው «ኤርታሌ» ሲወጣ ነቀምት ተማሪ ነበርኩ። የሮክ ጊታር ከኛ ቅኝት ጋር ሲገጥም ሰምቼ አበድኩ፤ የሰማሁት ግን በሞባይል ስፒከር ነው።

ባንዶቻችን «ቱር ወጣን» ሲሉ አሜሪካ ማለታቸው ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሄዶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ነቀምት እኮ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት!

«መብራት የለም፣ ስፖንሰር የለም» ይሉናል። ጊምቢ ሰርግ ላይ ኪቦርድ በጄኔሬተር ሲጮህ ያድራል። አሁን መንገዱ ያስፈራል፣ እሺ። ሰላም በነበረ ጊዜስ? እኔ አንድም የሮክ ባንድ ሲመጣ አላየሁም።

እኛ ዴቨሎፐሮች «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል» በሚል ሰው እንስቃለን። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ብቻ የተሞከረ ሮክም ያው ነው። የሀገር ባንድ ነን ካላችሁ፣ ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ ወለጋ ኑ።