ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ስጡን፦ ለአሶሳና ለክልሉ ቀጣሪዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአሶሳ ከተማና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሠራተኛ ለምትቀጥሩና ለምታስተዳድሩ፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ለሆቴልና ለክሊኒክ ባለቤቶች፣ እንዲሁም ለክልሉ ሲቪል ሰርቪስ ቢሮ፤

ይህን የምጽፍላችሁ ሙስሊም ሴት ሠራተኛ ሆኜ ነው፤ የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው። ሂጃብ የለበሰችን ሴት ለዚህ መደብ አትሆኚም ስትሏት፣ እድገት ስትከለክሏት ወይም እንግዳ ከሚያያት ወንበር አንስታችሁ ወደ ጓዳ ስትመልሷት፣ ምክንያቱን ጽፋችሁና ፈርማችሁ ስጧት። ቀላል ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በሥራ ቦታ የሚደርስ የሃይማኖት አድልዎ ዕድሜው የሚረዝመው በቃል ብቻ ስለሚነገር ነው። «ለመደቡ የሚሆን አቀራረብ የላትም» ይባላል፣ «እንደውልልሻለን» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በእድገትና በክፍያ ያላቸውን እኩልነት ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ቀጣሪ በሠራተኞቹ መካከል በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ከልክሏል፤ ሃይማኖት ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም በግልጽ አስፍሯል። የስንብት ማስጠንቀቂያም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የተሰናበተች ሠራተኛ ቢያንስ ይዛ ፍርድ ቤት የምትቀርበው ወረቀት አላት። ከቃለ መጠይቅ የተመለሰችው ሥራ ፈላጊ ግን በእጇ ምንም የላትም። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111፣ የአድልዎ ክልከላው ሥራ ለማግኘት የሚደረገውን ውድድርም እንደሚጨምር ይናገራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ጥበቃው የሚጀምረው ገና ከበሩ ከሆነ፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታችሁም ከበሩ ቢጀምር ምን ይከብዳል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች፣ ከጎናቸው የተሰለፉትም ክርስቲያኖች፣ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በመንግሥት ሥራ እኩል የመቀጠር መብት ነበር። በተከታዩ ዓመት የእስልምና በዓላት በብሔራዊ በዓልነት ታወቁ። ዛሬ አርብ ቀን የመንግሥት ቢሮዎች የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘልቃል፤ የመንግሥት ሥራ በዚህ የተነሳ አልቆመም። በአክሱም ትምህርት ቤቶች ሂጃብ ተከልክሎ ሴት ተማሪዎች ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በተገለሉ ጊዜም፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የከተማው ፍርድ ቤት ክልከላውን በጊዜያዊነት አግዷል። ክልከላው ከዳኛ ፊት ሲደርስ በምን ሕግ እንደቆመ ተጠየቀ። እኔም ከእናንተ የምፈልገው ይኸው ጥያቄ ዳኛ ፊት ሳይደርስ በቢሯችሁ እንዲነሳ ነው።

«መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ አንቀጽ 11 ይህን ይላል። ድንጋጌው የሚያስረው ግን መንግሥትን ነው። ባለጉዳይን በሃይማኖቱ ለይታ የምታስተናግድ ሠራተኛ ትጠየቅ፤ ፀጉሯን ሸፍና ሁሉንም እኩል የምታስተናግደው ግን የጣሰችው ነገር የለም። በአንገት ያለ ማተብ የማያስቸግረው ቢሮ በራስ ላይ ያለ ሻሽ ካስቸገረው፣ ያንን ገለልተኝነት ልለው አልችልም። ማተቡም ይከበር፣ ሂጃቡም ይከበር። በአውሮፓም ክርክሩ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. ለሁሉም እኩል የሚሠራ የገለልተኝነት ደንብ ለቀጣሪ ፈቅዶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ቀጣሪው እውነተኛ አስፈላጊነቱን ማስረዳት እንዳለበት አከለ። ለቀጣሪ ያደላ የሚባለው ፍርድ እንኳ ማስረጃ ይጠይቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2007 ዓ.ም.፣ አንድ የልብስ መደብር ሻሽ የለበሰችን ወጣት ሳይቀጥር በቀረበት ጉዳይ፣ ቀጣሪው ሃይማኖቷን እርግጠኛ ሆኜ አላወቅሁም ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ወስኗል።

የደኅንነት ጉዳይ የተለየ ነው፤ አልክደውም። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የተንጠለጠለ ጨርቅ አደጋ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ክፍልም ንጽሕና ግዴታ ነው። መፍትሔው ከራስ ጋር የሚጣበቅ አጭር መሸፈኛ ወይም በክፍሉ የሚሰጥ ንጹሕ ሽፋን ነው። ፊቷን የምትሸፍን ሴት ማንነት ማጣራት ሲያስፈልግም በሴት ሠራተኛ ፊት ፊቷን ገልጣ ማሳየት ትችላለች። እንዲህ ያለው ምክንያት ለመጻፍ አያሳፍርም፤ የምትጽፉትም ይህንኑ ነው። «ደንበኛ አይወድም» የሚለው ግን ሲጻፍ ራሱን ያጋልጣል። በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ 784,345 ነዋሪ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነው። ይህ ሕዝብ ደንበኛችሁም ባለጉዳያችሁም ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም እንኳ የደንበኛ ጥላቻ የቀጣሪ ደንብ መሆን የለበትም።

«እንዲህ ከበዛችሁ ማን ይበድላችኋል?» ለሚልም መልስ አለኝ። በደል የሚፈጸመው በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ኃላፊ ፊት ነው፤ እዚያ የሕዝብ ብዛት አብሮ አይገባም። ቁጥሩ ሙስሊም ወንዱንም ሴቷንም እኩል ቢያካትትም፣ እምነቷ ከልብሷ ታውቆ ከበር የምትመለሰው በአብዛኛው ሴቷ ናት። የምጠይቀው ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደለም። ሙስሊም በሚበዛበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም የአባቶቹን ባህላዊ እምነት የሚከተል ጉሙዝ ቢገፋ፣ ያው የተጻፈ ምክንያት ይገባዋል። ክልላችን ከካማሺ እስከ መተከል በግጭት የተጎዳ ነው፤ በቅጥር ላይ የሚፈጠር ጥርጣሬ እንዲህ ባለ ቦታ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ኃላፊዎች ሆይ፣ የአለባበስ ደንብ ካላችሁ በቅጥር ማስታወቂያው ላይ ከነምክንያቱ አውጡት፤ ምክንያት ካጣችሁለት ሰርዙት። ሲቪል ሰርቪስ ቢሮው ሥራ ፈላጊ ምክንያቱን በጽሑፍ ስትጠይቅ በተወሰነ ቀን መልስ የሚያስገድድ መመሪያ ያውጣ። እህቶቼም ከበር ስትመለሱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትን ቅጂ አስቀምጡ፣ መልስ ካጣችሁ ቅጂውን ይዛችሁ አሶሳ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ሂዱ።