የ«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ምንጭ በመጽሐፍ ብቻ አይፈለግ

በ1968 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ከየት መነጨ ሲባል፣ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የአርተር ሲ. ክላርክ አጭር ልብወለድ «ዘ ሴንቲነል» ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ኩብሪክና ክላርክ በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ተገናኝተው ሥራውን ሲጀምሩ፣ በ1951 የታተመው ይህ ታሪክ ዋና መነሻቸው ሆነ። ይሁንና ታሪኩ ያበረከተው በመሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፤ ጥንታዊ ባዕዳን ፍጡራን በጨረቃ ላይ የተዉት፣ የሰውን መምጣት የሚያስታውቅ ዕቃ። ተመልካችን እስከ ዛሬ ዝም የሚያሰኘው፣ ግዙፍ አካላት በጨለማ ውስጥ በዝግታ የሚንሳፈፉበት ምስል ከዚያ ጽሑፍ አልተቀዳም።

የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በ1960 «ዩኒቨርስ» የተሰኘ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም አቅርቦ ነበር። ሮማን ክሮይተርና ኮሊን ሎው ያዘጋጁት ይህ ፊልም፣ የጠፈር መንኮራኩር ገና ያልደረሰባቸውን ዓለማት በሞዴልና በካሜራ ጥበብ እውነተኛ አስመስሎ አሳየ። ኩብሪክ ደጋግሞ ተመለከተው። ከምስል ባለሙያዎቹ አንዱን፣ ዋሊ ጄንትልማንን፣ ወደ ሥራው ጋበዘ፤ ተራኪውን ዳግላስ ሬይንንም ለትረካ ቀጠረ። በኋላ ትረካው ሲቀር የሬይን ድምፅ ለኮምፒውተሩ ለሃል ተሰጠ። የሃል አስፈሪነትም እዚህ ላይ ይመስላል፤ ስለ ከዋክብት ሲያስረዳ የነበረ ድምፅ፣ እርጋታው ሳይዛባ ሰው ይገድላል።

ሃል አእምሮው ቀስ በቀስ ሲነቀል የሚያዜመው «ዴይዚ ቤል» እንኳ የቤተ ሙከራ ውርስ ነው። በቤል ቤተ ሙከራ አንድ ኮምፒውተር በ1961 ይህንኑ ዜማ አዚሞ ነበር፤ ክላርክም በጉብኝቱ ወቅት ሰምቶታል።

ሐያስያን ልብወለዱን የሚያስቀድሙት ምናልባት ለመጥቀስ ስለሚመች ይሆናል፤ ገጽ አለው፣ ደራሲው ይታወቃል። የሞዴል ሠሪ እጅ ግን ገጽ የለውም። ክላርክ የፊልሙ ተባባሪ ጸሐፊ መሆኑ ይህን ልማድ ያጠናክረዋል እንጂ ትክክለኛ አያደርገውም፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ እየረዘመ ንግግር ያለበት ክፍል አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላምና። ግድፈቱ የተጀመረው በጥናት ጽሑፎች ብቻም አይደለም። ፊልሙ ያገኘው ብቸኛ ኦስካር የልዩ ምስል ሽልማት ሲሆን የተሰጠውም ለኩብሪክ ብቻ ነው፤ ሥራውን የመሩት ትሩምቡል፣ ቪቨርስ፣ ፔደርሰንና ሃዋርድ ስማቸው በፊልሙ ላይ ቢሰፍርም በሽልማቱ ላይ የለም።