እንጉዳይን በፎቶ አይቶ «ይበላል» ማለት ይቁም!

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ አንድ ሰው ከመናፈሻ ሣር ላይ ያገኘውን ትንሽዬ ቡናማ እንጉዳይ በስልኩ ያነሳና «ይበላል ወይ?» ብሎ ይለጥፋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «አዎ፣ ይጣፍጣል» የሚል አይጠፋም። መላሹ እንጉዳዩን አልነካውም፣ አላሸተተውም። ይህን እውቀት ማካፈል የሚሉት አሉ። ትክክለኛ ስሙ በሰው ሕይወት መቆመር ነው።

ማራስሚየስ ኦሪያደስን እንውሰድ። ሣር ላይ ክብ ሠርቶ ይበቅላል፤ ይበላል። እዚያው ሣር ላይ፣ እንደ እሱው ክብ ሠርቶ፣ አንዳንዴም ተቀላቅሎ ክሊቶሳይቤ ሪቩሎሳ ይበቅላል። ይሄኛው ሙስካሪን የተባለ መርዝ አለበት። የሁለቱም ስፖር ነጭ ነው። ልዩነቱ ያለው ከጥላው ሥር ነው፦ የሚበላው ስስ ቅጠሎቹ የተራራቁ፣ እግሩም ሲያጥፉት ቶሎ የማይሰበር ነው፤ የመርዛማው ቅጠሎች ግን የተጠጋጉና ወደ እግሩ የሚወርዱ ናቸው። ከላይ የተነሳ ፎቶ ከእነዚህ የትኛውን ያሳያል? አንዱንም!

ሙስካሪን ቢያንስ ቶሎ ይታወቃል፤ ላብና ምራቅ ያወርዳል፣ ሐኪምም አትሮፒን ይሰጣል። ሣር ውስጥ ከተቀበረ እንጨት ላይ ብቅ የሚለው ጋለሪና ማርጊናታ ግን አማቶክሲን ይዟል። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 ሰዓታት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። «ከብት ከበላው ለሰውም ይሆናል» የሚለውም ከንቱ ወሬ ነው።

«መተግበሪያው ነግሮናል» ባዮች ደግሞ አሉ። መተግበሪያው ፎቶን ከፎቶ ያነጻጽራል እንጂ አያሸትም፣ እግር አጥፎ አይሞክርም።

«አባቶቻችን ያለ ትምህርት ይበሉ አልነበር?» የሚል ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ ለምሳሌ ማጃንጎች የዱር እንጉዳይ ይበላሉ። የሚበሉት ግን በኖሩበት ጫካ ውስጥ ለይተው የሚያውቁትን ነው። ሌላው ሕዝብ ብዙውን «የጅብ ጥላ» ብሎ አልፎታል። ይህ አለማወቅ ነው ከተባለም፣ ሰው የሚያተርፍ አለማወቅ ነው። የሚገድለው ግማሽ እውቀት ነው።

ስለዚህ የየቡድኑ አስተዳዳሪዎች ከፎቶ ብቻ «ይበላል» የሚል መልስ ሲያዩ ያጥፉት። በልቶ የታመመም መለጠፉን ትቶ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ይሩጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተዋጠ መርዝ ግን አይለቀምም።