«ብጡል» የማን ስም ነው?

የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች በአንድ ሳጥን ይጀምራሉ፤ የቤተሰብ ስም። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወጥቶ ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው እዚያ ላይ የአባቱን ስም ይጽፋል፤ ሌላ ምን ይጻፍ? ፍለጋው ባዶ ሲመለስ ጥፋቱ በእኛ ይላከካል፤ ኢትዮጵያውያን መዝገብ የላቸውማ! የራሳችን ሰዎችም ይህን ሲደግሙት እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም።

የሰሜንን ትልቅ ቤት እንይ። ገብሬ ራስ ኃይለ ማርያምን ወለደ። ኃይለ ማርያም ደጃዝማች ውቤንና ብጡልን ወለደ፤ ብጡል ደግሞ እቴጌ ጣይቱን። ለሳጥኑ አያት፣ አባትና ልጅ በሦስት የቤተሰብ ስም የሚጠሩ ባዕዳን ናቸው። ጣይቱ ብጡል ከአጎቷ ከውቤ ኃይለ ማርያም ጋር ምኗም አይገናኝም። ይባስ ብሎ «ኃይለ ማርያም» ለሁለት ይሰነጠቅና ማርያም የቤተሰብ ስም ትሆናለች፤ በዚህ ሒሳብ ግማሹ አገር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ጣይቱን ወለተ ሚካኤል በሚለው የክርስትና ስሟ ለሚፈልጋትማ አይነሣ።

በድምፅ አቀራርቦ መፈለግ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። ሳውንዴክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠው ስልት፣ የስሙን መነሻ ፊደል እንዳለ ይዞ አናባቢዎቹን ይጥላል። ውቤን ግን ፈረንጆቹ አንዱ በደብልዩ፣ ሌላው በዩ፣ ሦስተኛው በኦ ጀምረው ጽፈውታል። መነሻው ከተለያየ ስልቱ ሦስት ሰው ያደርገዋል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ስሞች በዚሁ ስልት አልገኝ ቢሉ፣ ፈላጊዎቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ዳይች ሞኮቶፍ የተባለውን ሌላ ስልት አወጡ። መሣሪያውን ለስማቸው አስተካከሉ ማለት ነው።

መዝገብ የለም ማለትስ? እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጎንደር ውስጥ ርስት የሚሟገት ገበሬ በአባቱም በእናቱም፣ በሴት አያቱም በኩል እየቆጠረ ከአቅኚው አባት ይደርስ ነበር። ቆጠራው ከተበጠሰበት መሬቱም አብሮ ይሄዳል። ጋብቻም ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው። አባት ብቻ የሚከተል መሣሪያ የዚህን ሙግት ግማሹን ጥሎታል። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት እየመዘገበ ነው፤ ለጤና ጥናት እንጂ ለዘር ፍለጋ አይደለም፣ ቢሆንም መዝገብ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ድረ ገጾቹ ሳጥኑን ሰንሰለት ያድርጉት፦ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ በእናት ወገንም እንዲሁ። የክርስትና ስም የራሱ ቦታ ይኑረው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በፍለጋ አንድ ይሁኑ፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም። ዘመን አቆጣጠሩንም እንዳይረሱት። ውቤ ድል ሆኖ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም የነገሠበትን የካቲት 1847 ለሳጥኑ ስጽፍለት፣ ነጋሹ ገና ካሳ ኃይሉ ወደነበረበት ዘመን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደኛል።