የፍላጻ ጫፍና የክበባችን ገንዘብ

የቀስት ክበባችን ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለአራት ተወዳዳሪዎች የተንግስተን ጫፍ መግዣ ያድርገው የሚል ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ቀርቦ፣ በጭብጨባ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

የተንግስተንን ብልጫ አልክድም። አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ንጹሕ ተንግስተን 19 ግራም ያህል ሲመዝን ዓረብ ብረት 8 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ክብደቱ ሳይቀነስ ጫፉ አጥሮና ቀጥኖ ይሠራል፤ ሸክሙም ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ በ70 ሜትር ርቀት ነፋስ ሲነሣ ይህ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ፍላጻዎቹን አስቀድሞ አንድ ቦታ መሰብሰብ ለቻለ ሰው ነው። ለመሆኑ ከመካከላችን በዚያ ርቀት 12.2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን የአሥር ቁጥር ክብ ደጋግሞ የሚያገኝ ማን ነው? አብዛኞቻችን የምንለማመደው አዳራሽ ውስጥ በ18 ሜትር ነው፤ እዚያ ከአሠልጣኛችን ጩኸት በቀር ነፋስ የለም።

አዲሶቹ አባሎች እኮ በሦስት የጋራ ፍላጻ ተራ ይጠብቃሉ! ጀማሪ ዒላማውን ስቶ ግድግዳ ቢመታ የዓረብ ብረቱ ጫፍ በትንሽ ወጪ ይተካል። ሐሙስ ድምፅ ስንሰጥ እጄን የማነሣው ለእነርሱ ፍላጻ እንዲገዛ ነው። ተንግስተን የሚሻ ወንድማችን የ70 ሜትር ነጥቡን ጽፎ ያምጣና ያን ጊዜ እንነጋገር።